ፍሬን ስለሌለው መሰላልና «ሕገወጥ አድማ» ስለተባለው የሐሙስ ጠዋት፣ ለአየር መንገዳችን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ሰይፈ ቀለምወርቅ
የሰማይዳር አየር መንገድ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጅጅጋ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ያለ ዕረፍት የሚደክመው የድርጅቱ የሕግ ክፍል በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኛ ጤና አይጨነቁ፤ እስከ ዛሬም አልተጨነቁምና አሁን አዲስ ልማድ ቢጀምሩ ለጤናዎ ደግ ላይሆን ይችላል። ከዚህ ቀደም በግል የላክሁልዎ አራት ደብዳቤዎች በሥራዎ ብዛት ሳይከፈቱ የቀሩ ስለመሰለኝ፣ አምስተኛውን አገር ሁሉ እያነበበ እንዲያግዝዎት በግልጽ መጻፉን መርጫለሁ።

ስሜ ዐናብ ዴቅ ይባላል። በስም ላያውቁኝ ይችላሉ፤ በመዝገብ ግን ሦስተኛ ተከሳሽ ነኝ። ተከሳሽ ከመሆኔ በፊት በጅጅጋ ጣቢያ ለስድስት ዓመት የመንገደኛ መቀበያ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ባልደረቦቼም ተወካያቸው አድርገው መርጠውኝ ነበር። ሻንጣ ስመዝን፣ ትኬት ስመለከት፣ «እህቴ፣ ሁለት ኪሎ ብቻ ነው እኮ የበለጠው» ከሚል ነጋዴ ጋር ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። የዛሬው ደብዳቤዬ ውስጥ የፍርድ ቤት ቃላት ከበዙ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። አሁን ከሰዓት በኋላ ከጅጅጋ ፍርድ ቤት በር ፊት ለፊት፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሙያ ያስያዙኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን ከዚሁ ልጀምር።

አንደኛ፦ ስለ መሰላሉ አመሰግናለሁ። እርስዎ ጉዳዩን ያውቁታል፤ ሌላው አንባቢ እንዲገባው ግን ላስረዳ። መንገደኛ ከጀት አውሮፕላን የሚወርደው ጎማ ባለው፣ በሰው እየተገፋ በሩ ሥር በሚጠጋ መሰላል ነው። የጅጅጋ ጣቢያችን ያለው መሰላል አንድ ሲሆን፣ ፍሬኑ ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ አይሠራም ነበር። ጥቅምት ላይ ጻፍን። ኅዳር ላይ ጻፍን። ታኅሣሥ ላይም ጻፍን። የጣቢያው ኃላፊ አቶ መልአክ ሦስቱንም ደብዳቤ ተቀብለው ወደ እርስዎ ቢሮ መርተዋል። መልስ ሲጠፋ መፍትሔውን ራሳችን አበጀን፤ ከፊት ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግን፣ በኋላ በኩል ደግሞ የአዴር ዋርሳሜን ጀርባ።

አዴር በእኛ ቋንቋ አጎት ማለት ነው፤ የጣቢያው ሠራተኛ በሙሉ፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣውም ጭምር፣ ዋርሳሜን የሚጠራው እንደዚያ ነበር። በወጣትነታቸው ሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ የስንዴ ጆንያ ሲያወርዱ የኖሩ፣ ሃምሳውን ያለፉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ጫኝና አውራጅ ናቸው። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር መሰላሉን ተደግፈው፣ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ ተክለው ይቆሙ ነበር። መንገደኛው በላያቸው ይወርዳል፤ ማንም የተደገፈው በሰው መሆኑን አያውቅም።

ማክሰኞ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከካራማራ ተራራ በኩል የተነሳው ነፋስ አቧራውን ይዞ መጣ። አብዛኛው መንገደኛ ወርዶ ነበር። መሰላሉ አጋማሽ ላይ የቀሩት አዲስ አበባ ታክመው ወደ ደገሀቡር የሚመለሱ አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው፤ የእጅ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳሉ። ድንጋዩ ተንሸራተተ። መሰላሉ ከአውሮፕላኑ መላቀቅ ጀመረ። የማኮብኮቢያ ሥራውን የምታስተባብረው ለተሥላሴ ሮጣ መጥታ፣ «አዴር፣ ይልቀቁት! ከሥሩ ይውጡ!» ብላ ጮኸች።

«መጀመሪያ ሴትዮዋ ይውረዱ» አሉ አዴር ዋርሳሜ።

ሴትዮዋ ወረዱ። እግራቸው መሬት ሲነካ እኔ ተቀበልኳቸው፤ ስለዚህ በዓይኔ ነው ያየሁት። በዚያው ቅጽበት መሰላሉ አሸነፋቸውና ጣላቸው፤ ጎማው በቀኝ እግራቸው ላይ ወጥቶ ቆመ። ስድስት ሰዎች ሆነን ነው ያነሳነው። በማግስቱ ረቡዕ ሐኪሞቹ እግራቸውን ከጉልበት በታች ቆረጡት።

ሁለተኛ፦ «ሕገወጥ አድማ» የሚለውን ስም ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ሐሙስ ጠዋት አውሮፕላኑ ሲመጣ ዘጠኝ ሆነን አቶ መልአክ ፊት ቆምንና ፍሬኑ ሳይጠገን ይህን መሰላል አንገፋም አልን። ሌላ ያልነው ነገር የለም። ሌላውን ሥራ ሁሉ ሠራን። የወጪ መንገደኛ መዘገብን፤ ሰባ ሁለት ሻንጣ ከአውሮፕላኑ ሆድ አወረድን፤ በዚያን ዕለት ሻንጣው ከባለቤቱ ቀድሞ ጅጅጋ ገባ። ካፒቴኑ በሩን ከፍቶ፣ «መሰላሉ የታለ?» ሲል ለተሥላሴ ከታች፣ «መሰላሉስ አለ ካፒቴን፣ ፍሬኑ ነው የሌለው» ብላ መለሰችለት።

ጎረቤታችን የሆነው ሌላ አየር መንገድ የራሱን መሰላል ሊያውሰን ፈቃደኛ ነበር። አቶ መልአክ ወደ አዲስ አበባ ደውለው ፈቃድ ጠየቁ። የተባሉትን እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ድምፁ ከስልኩ ያልፍ ነበርና። «የሰው መሰላል አንለምንም፤ እምቢ ያሉትን ስም ጽፈህ ላክ» ነበር መልሱ። መንገደኛው አውሮፕላኑ ውስጥ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ከተቀመጠ በኋላ፣ ካፒቴኑ በራሱ ኃላፊነት የጎረቤትን መሰላል አስመጥቶ አወረደው። በክስ ማመልከቻዎ ላይ ይህን አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የእኛ ጭካኔ ብለው ጽፈውታል። የስልኩን ጥሪ ቦታ ስለጠበበዎት ሳይሆን አይቀርም የተዉት።

ሦስተኛ፦ ፍሬኑን ስላስጠገኑልን አመሰግናለሁ። ሦስት ደብዳቤ ያልቻለውን አንድ እግር ቻለው። ቅዳሜ ጠዋት ቴክኒሻን በመጀመሪያው በረራ መጥቶ እስከ ቀትር ጨረሰ፤ ሰኞ ደግሞ ድርጅቱ የቀጠረው መርማሪ መጥቶ፣ መሰላሉን ወደፊትና ወደኋላ ገፍቶ፣ «ፍሬኑ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ሪፖርት ጻፈ። እውነቱን ነው፤ ሰኞ ዕለት በመልካም ሁኔታ ላይ ነበር። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ከክስዎ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ስለ ቅዳሜ የሚናገር ወረቀት ግን የለም።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ፊርማው መዝገብ ነው፤ ይህን ትንሽ በዝርዝር መናገር ይኖርብኛል፣ ምክንያቱም ውጭ ላለ ሰው ስነግር የሚያምነኝ የለም።

ዘጠኛችንም ከሥራ ታገድን። ነገር ግን አልተባረርንም። ብንባረር መልቀቂያ ወረቀት ይሰጠን ነበር፤ በመልቀቂያው ሌላ ቦታ እንቀጠር ነበር። ስለዚህ ሳንባረር፣ ሳንሠራ፣ በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአየር ማረፊያው የውጭ በር፣ የጥበቃው ቤት መስኮት ላይ እየመጣን እንድንፈርም የሚያዝ ደብዳቤ ደረሰን። ወደ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። አለመምጣትም ክልክል ነው፤ አምስት ቀን የቀረ ሰው ሥራውን በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራልና። እንፈርማለን፤ መዝገቡ ይዘጋል፤ ዞረን እንሄዳለን። ይህንኑ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር አድርገነዋል። ክቡር ሆይ፣ እስረኛ እንኳ የሚፈታበት ቀን ይነገረዋል፤ ጥበቃው ሱዕዲ ራሱ አንድ ቀን ብዕሩን እያቀበለኝ፣ «ወላሂ፣ እናንተን ሳይ እኔ ነኝ የታሰርኩ የሚመስለኝ» ብሎኛል።

በተጨማሪም የእግድ ትእዛዝ አስወጡብን። ከሦስት በላይ ሆነን ብንሰበሰብ አድማውን እንደቀጠልን ይቆጠራል። አዴር ዋርሳሜን ሆስፒታል ልንጠይቅ አምስት ሆነን የሄድን ዕለት በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። ከዚያ በኋላ በተራ፣ ሁለት ሁለት እየሆንን ገባን፤ የቀረነው ግቢው ውስጥ ተራርቀን እንቆም ነበር። በሽተኛ መጠየቅም በፕሮግራም እንደሚሆን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

አምስተኛ፦ አገራችንን በመኪና ስላስጎበኙን አመሰግናለሁ። ክሱ የተመሠረተው አዲስ አበባ ነው። ስማችን በማይጫኑ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስለገባ የእርስዎ ትኬት መቁረጫ አይቀበለንም፤ የሌላው አየር መንገድ ዋጋ ደግሞ ለሥራ አጥ ሰው የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ የአየር መንገድ ሠራተኞች ወደ ፍርድ ቤት የሄድነው በአውቶቡስ ነው። ካራማራን እንወጣለን፣ ሐረርን እናልፋለን፣ አዋሽ ላይ ሙቀቱን እንጠጣለን። ሁለት ቀን ሄደን አሥር ደቂቃ እንቀርባለን፤ «ለሌላ ቀጠሮ» እንባላለን፤ ሁለት ቀን እንመለሳለን። ስለቀረንባቸው ቀናት የፈቃድ ደብዳቤ ካላመጣን መዝገቡ ላይ «ቀሪ» ይጻፍብናል፤ የፈቃዱ ደብዳቤ ደግሞ ከእርስዎ ቢሮ የሚመጣው ከተመለስን በኋላ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሰናል።

ሕጉ የአየር ትራንስፖርትን እጅግ አስፈላጊ ከሚላቸው አገልግሎቶች መድቦታል፤ በዚህ ዘርፍ የሚሠራ ሰው የሥራ ማቆም አድማ ማድረግ አይፈቀድለትም። ይህን የነገሩን ጠበቃዎ ናቸው። «እነዚህ ሠራተኞች ለአገር እጅግ አስፈላጊ ናቸው» ብለው ሲናገሩ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከድርጅታችን አፍ አስፈላጊ መባልን የሰማሁት ያን ጊዜ፣ ያውም በተከሳሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ዳኛዋ ለተሥላሴን፣ «ሥራ አቁማችኋል ወይስ አላቆማችሁም?» ብለው ጠየቋት። «ክብርት ዳኛ፣ ሰው የሚያደቅ መሰላል አንገፋም ነው ያልነው። ሥራውንማ ሠርተነዋል» አለች። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የሥር ፍርድ ቤቱ አድማ ነው ብሎ ፈረደብን። በሰኔ ይግባኝ ሰሚው አድማ አይደለም፣ ወደ ሥራቸው ይመለሱ አለ። ያን ዕለት በአውቶቡስ ስንመለስ እስከ ሐረር ዘፍነናል። በሐምሌ ደግሞ እርስዎ ወደ ሰበር ሄደው፣ ውሳኔው እንዳይፈጸም አሳገዱ። ስለዚህ ያሸነፍን ተሸናፊዎች ሆነን ወደ ጥበቃው መስኮት ተመለስን።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ልጽፈው ብሞክርም አልሆነልኝም።

ባለፈው ጥቅምት አቶ መልአክ ዘጠኛችንንም አንድ ሆቴል አዳራሽ ጠሩን። ከሦስት በላይ ሆነን የተሰበሰብነው፣ በእርስዎ ፈቃድ፣ የመጀመሪያ ጊዜያችን ነበር። የእርቅ ሰነድ አመጡ። የፈረመ በሳምንቱ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ ዝውውር የጠየቀ ዝውውሩን ያገኛል። ሰነዱ ሁለት ነገር እንድናምን ይጠይቃል፤ አንደኛው ያደረግነው ሕገወጥ አድማ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «መሰላሉ በአደጋው ዕለት በመልካም ሁኔታ ላይ የነበረ ሲሆን፣ በአቶ ዋርሳሜ ላይ የደረሰው ጉዳት በራሳቸው የጥንቃቄ ጉድለት የተከሰተ ነው።»

ሰባቱ እዚያው ፈረሙ። አንዳቸውንም አልወቅስም፤ ሲፈርሙ ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም። ለተሥላሴ አንድ ቀን እንዲሰጧት ጠየቀች። ከሰዓት በኋላ ጃንጥላዬ ሥር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ዐናብ፣ እኔ ጅጅጋ የተመደብኩት ለሁለት ዓመት ነበር» አለችኝ። «ልጄን እናቴ ጋ ትቼያት ስመጣ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። አሁን ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። መዝገቡ አላስኬደኝም። ፍርድ ቤቱም አላስኬደኝም። በስልክ ‹እማዬ› ማለት ትታ በስሜ መጥራት ጀምራለች።»

ምን እላታለሁ? «ፈርሚ» አልኳት።

«አንቺስ?»

«እኔ አገሬ እዚሁ ነው» አልኳት።

በማግስቱ ፈረመች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፤ አቅፋኝ ብዙ ቆየችና ተሳፈረች። ይህን የምጽፈው እንዳሸነፏት እንዲያውቁ ነው። በየፍርድ ቤቱ የተከራከረችን ሴት ያሸነፈው ጠበቃዎ ወይም ሪፖርትዎ አይደለም፤ ልጇ ናት። በዚህ ድል ቢኮሩ ይገባዎታል።

እኔም ልፈርም ነበር። አልዋሽም፤ ደክሞኛል። ሰነዱን ይዤ አስቀድሜ አዴር ዋርሳሜ ቤት ሄድኩ። በልጃቸው ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ምርኩዛቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሻይ ይጠጡ ነበር። ነገሩን ሰምተዋል።

«ፈርሚ ልጄ» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «እኔ አልቀየምሽም። እግሬን እንደሆን አይመልሰውም።»

«መጀመሪያ የሚለውን ላንብብልዎት» አልኳቸው። አማርኛውን ወደ ሶማሊኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። «በራሳቸው የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው ላይ ስደርስ ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«ሴትዮዋን ጽፈዋታል?» አሉኝ።

«ማንን?»

«መሰላሉ ላይ የነበረችውን። የደገሀቡሯን።»

ወረቀቱን ገልብጬ አየሁ። «የለችም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ይህ ስለ ሌላ ቀን የተጻፈ ነው» አሉና ሻያቸውን መልሰው አነሱ።

ክቡር ሆይ፣ ያልፈረምኩት በዚህ ምክንያት ነው። ጠበቃዎ ግትርነት ብለው እንደጻፉት አይደለም፤ ግትር ብሆን ኖሮ ሰነዱን ይዤ አልሄድም ነበር። አንዲት ሴት እንዳትወድቅ ብለው እግራቸውን የሰጡ ሰው ጥንቃቄ የጎደላቸው ከተባሉ፣ ጥንቃቄ ማለት ጥሎ መሮጥ ነው ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ይህን አምኛለሁ ብዬ በስሜ ልፈርም አልችልም። ሰነዱን ሳልፈርምበት ለአቶ መልአክ መለስኩላቸው። በሩን ገርበብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዐናብ፣ ብቻሽን ቀረሽ እኮ» አሉኝ። ሦስቱን ደብዳቤዎች በእጃቸው ወደ እርስዎ የመሩት ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ሳይ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ብቻቸውን የቀሩ መሰለኝ።

አሁን ክሱ ከስምንቱ ላይ ተነስቶ በእኔ ላይ ቀጥሏል። እንደገና በአውቶቡስ ተጉዤ የምቀርብበት ቀጠሮ ጥር ላይ ነው። ዛሬም ጠዋት ሄጄ ፈርሜያለሁ፤ መዝገቡ ላይ የቀረው አንድ ስም ስለሆነ ሱዕዲ ገጽ መቁጠር አላስፈለገውም። መውጣት አልችልም፣ መግባት አልችልም፣ ሌላ ቦታ መቀጠር አልችልም፣ መታመም እንኳ ከአምስት ቀን በላይ አልችልም። ይህን ሁሉ ያደረጉት እንድሰለች ከሆነ በአክብሮት አንድ ነገር ላመልክትዎ፦ መሄጃ ከሌለው ሰው ጋር ክርክር መግጠም ብዙ ዓመት ይፈጃል። እርስዎ ጡረታ አለዎት፣ ዝውውር አለዎት፣ ሌላ ሹመት አለዎት። እኔ ያለችኝ ያቺ ቀጠሮ ብቻ ናት፤ እቀርባለሁ።

ከችሎት ውጭ የማጎንበስ ዕድል እስካገኝ ድረስ በተከሳሽነት ወንበር ላይ ሆኜ የምታዘዝዎት፣ የማክበሬን መጠን ቃል የማይገልጸው፣

ዐናብ ዴቅ
ቀድሞ የመንገደኛ መቀበያ ሠራተኛ፣ በአሁኑ ጊዜ ብቸኛ አድመኛ
ጅጅጋ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ለጅጅጋ ጣቢያ የመንገደኛ መቀበያ ሠራተኛ ለመቅጠር ያወጡትን ማስታወቂያ በከተማው ተለጥፎ አነበብኩት። በተራ ቁጥር አራት ላይ አመልካቹ «የደኅንነት ጉድለት ሲያይ ዝም የማይል፣ ለበላይ አካል በድፍረት የሚያሳውቅ» እንዲሆን ይጠይቃል። አመልክቻለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃ በሚለው ቦታ የክስዎን ግልባጭ አያይዣለሁ።